የምንሠራው ሕንፃ ስንት ይመዝናል?

ባለፈው ወር አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሣ። ክርክሩን ያመጣብን ከመካከላችን ብቸኛው የኢንጂኔሪንግ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን ነው። ለተግባር ልምምድ የተመደበበት የአማካሪ መሐንዲሶች ድርጅት በመግቢያው ግድግዳ ላይ፣ ለዘላቂ ልማት የሚተጋ ድርጅት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ በመስተዋት አድርጎ ሰቅሏል። ጓደኛችንም በሦስተኛው ቀን ድፍረት አግኝቶ የክፍሉን ኃላፊ፣ «ጋሼ፣ ይህ አሁን የምንሥለው ሕንፃ በጠቅላላው ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ይበላል?» ብሎ ጠየቃቸው። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም። ሣቅ ብለው፣ «እሱን የሚያውቀው ግምት ክፍል ያለው ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን የሚያወጣው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነው። አንተ ብቻ ቢሙ እንዳይሰበር አድርግ» አሉት።

ከእኛ ግማሾቹ ኃላፊው ትክክል ናቸው አልን። የቢም ሥራው አለመሰበር ነውና። የቀረነው ደግሞ፣ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ከታወቀማ ማወቁ ምን ይጠቅማል? ብለን ያዝን። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘልቆ በማግሥቱም ስላላበቃ፣ ነገሩን መርምረን በዚህ መጽሔት ላይ እንድናቀርበው ተፈረደብን። የአርትስ ፋኩልቲ ሰው ስለ አርማታና ስለ ፌሮ ሲጽፍ የኢንጂኔሪንግ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ፈገግ ማለታቸው እንደማይቀር እናውቃለን። ይሁን እንጂ መሐንዲሶች በሚሠሩት ቤት ውስጥ የምንኖረው፣ በሚዘረጉት መንገድ ላይ የምንሄደው፣ የሚበደሩበትንም ዕዳ ከግብራችን የምንከፍለው እኛም ነን፤ ስለዚህ የመጠየቅ መብት አለን ብለን እናምናለን።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከተው። «ዘላቂ ልማት» የሚለው አነጋገር በዓለም ሁሉ የታወቀው በ1987 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩት በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ ሰብሳቢነት የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ባወጣው ዘገባ ነው። ሐሳቡ አጭር ነው፤ ዛሬ ያለነው ሰዎች የሚያስፈልገንን ስናገኝ ነገ የሚመጡት የሚያስፈልጋቸውን እንዳያጡ አድርገን እናግኝ ማለት ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን መልካም ሐሳብ ሁሉ የሚያገኘው ዕድል ደርሶበታል። ሁሉም ሰው ይቀበለዋል፤ ከዚያም በመስተዋት አድርጎ ይሰቅለዋል።

አንድ የመሐንዲሶች ድርጅት ይህን ቃል ከግድግዳው አውርዶ ወደ ሥዕል ጠረጴዛው ማምጣት ቢፈልግ ከየት ይጀምራል? ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከቢሯቸው ነው። ወረቀቱን በሁለት በኩል ማተም፣ አምፖሉን መለወጥ፣ በግቢው ውስጥ ችግኝ መትከል፣ የመሳሰለው ነው። ይህን አንነቅፍም፤ ችግኝ የተከለን ሰው የሚነቅፍ የለም። ግን ሠላሳ ሰው የሚሠራበት አንድ ቢሮ በዓመት የሚያባክነው መብራት፣ በዚያው ቢሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከሚወሰን የአንድ ሶሌታ ውፍረት ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የመሐንዲስ ኃጢአትም ጽድቅም ያለው በእርሳሱ ጫፍ ላይ ነው።

ይህን ለመረዳት ሲሚንቶ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ ወደ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት ይቃጠላል፤ ከዚያም ክሊንከር የሚባለው እንክብል ይወጣል፤ እሱ ሲፈጭ ሲሚንቶ ይሆናል። ታዲያ ከፋብሪካው የሚወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ከነዳጁ ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ እኛም እንደዚያ ይመስለን ነበር። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ከጋዙ ግማሽ የሚበልጠው፣ ማለት ከመቶ ስድሳ ያህሉ፣ የሚወጣው ከድንጋዩ ከራሱ ነው፤ የኖራው ድንጋይ ሲቃጠል በውስጡ ታሥሮ የኖረውን ጋዝ ይለቃልና። እንግዲህ ፋብሪካው ነገ በንጹሕ የኤሌክትሪክ ኃይል ቢሠራ እንኳ ይህ ክፍል አይቀርም። በዚህ ምክንያት በዓለም ላይ የሰው ልጅ ከሚለቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ውስጥ ከመቶ ሰባት ወይም ስምንት ያህሉ የሲሚንቶ ድርሻ ነው። ስለዚህም ትልቁ ቁጠባ ያለው ሲሚንቶውን በተሻለ ምድጃ ከማቃጠል ይልቅ፣ ሳያስፈልግ ባለመጠቀም ላይ ነው። ይህን የሚወስነው ደግሞ የፋብሪካው ባለቤት ሳይሆን ሥዕሉን የሚሥለው መሐንዲስ ነው።

ጓደኛችን በወረቀት ላይ ያሳየንን ስሌት እዚህ እንገልብጠው። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ስፋቱም 10 ሜትር የሆነ ወለል አለ እንበል። ሶሌታው 20 ሴንቲሜትር ቢወፍር 20 ሜትር ኩብ አርማታ ይፈጃል። በደንብ ተሰልቶ 17 ሴንቲሜትር የሚበቃ ሆኖ ቢገኝ 3 ሜትር ኩብ ይተርፋል። በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 350 ኪሎ ሲሚንቶ ይገባል ብንል የተረፈው 1,050 ኪሎ ይሆናል፤ ይኸውም ባለ 50 ኪሎው ከረጢት 21 ማለት ነው። ወደ አየር ሳይወጣ የቀረውም ጋዝ፣ ሲሚንቶው ድብልቅ የሌለበት ከሆነ፣ ወደ 900 ኪሎ የሚጠጋ ነው። ይህ በአንድ ክፍል ወለል ላይ ነው። በጠቅላላው 3,000 ካሬ ሜትር ወለል ባለው ሕንፃ ላይ ግን 630 ከረጢት ይሆናል። ይህ ሁሉ የተገኘው በሦስት ሴንቲሜትር ነው፤ የሦስት ጣት ስፋት እንኳ አይሞላም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። 20 ሴንቲሜትር የሆነ የአርማታ ሶሌታ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 500 ኪሎ ይመዝናል። መሐንዲሶች ደግሞ ለመኖሪያ ቤት ሰውና ዕቃ ብለው የሚይዙት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል ነው። ልብ በሉ! ወለሉ ዋነኛ ሥራው እኛን መሸከም መስሎን ነበር፤ ለካስ ከምንም በላይ የሚሸከመው ራሱን ነው። ስለዚህ ሶሌታው ሲቀል ቢሙ ይቀላል፤ ቢሙ ሲቀል ምሰሶው፣ ምሰሶውም ሲቀል መሠረቱ ይቀላል።

እንዲህ ከሆነ መሐንዲሶቹ ለምን አስቀድመው አያደርጉትም? ሰነፎች ስለ ሆኑ ነውን? አይደለም። የዚህን መልስ ስንፈልግ ያገኘነው አንድ ጥናት ከጠበቅነው በላይ አስደነቀን። በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ሞይኒሃንና ኦልውድ በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በ23 ሕንፃዎች ውስጥ ያሉ ከ10,000 የሚበልጡ የብረት ቢሞችን አንድ በአንድ መረመሩ። እያንዳንዱ ቢም መሸከም ከሚችለው ውስጥ በእውነት እንዲሸከም የተሰጠው ምን ያህሉን ነው? ብለው ጠየቁ። በአማካይ ሲታይ ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ። ይህም ሕጉ ለደኅንነት ብሎ ካስጨመረው ትርፍ በላይ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሕጉ የሚጠይቀው ሁሉ ተሟልቶ፣ የተገዛው የብረት አቅም ከግማሽ የሚበልጠው ያለ ሥራ ተቀምጧል ማለት ነው።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። መሐንዲሱ በወለሉ ላይ ካሉት ሃያ ቢሞች ከባዱን ሸክም የሚቀበለውን አንዱን ያሰላል፤ የቀሩትንም በዚያው ልክ ይሥላቸዋል። ሥዕሉ ቶሎ ያልቃል፤ ሳይት ላይም ሠራተኛው አይምታታበትም። እውነት ለመናገር፣ ይህ በአገሩ ሞኝነት አይደለም። የሰው ጉልበትና የመሐንዲስ ሰዓት ውድ፣ ብረት ግን ርካሽ በሆነበት አገር ብረቱን አባክኖ ሰዓቱን መቆጠብ ያተርፋል። እኛን ያሳሰበን ግን ሌላ ነው። በእኛ አገር ሚዛኑ የተገለበጠ ነው። ብረቱ ወይም የብረቱ ጥሬ ዕቃ በአብዛኛው የሚመጣው ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሥራ የሚፈልግ ወጣት መሐንዲስ ግን በየቀበሌው አለ። የእነሱ ልማድ የተወለደው ከእነሱ ዋጋ ነው፤ እኛ ግን ዋጋውን ትተን ልማዱን ብቻ ወረስን። በእኛ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ነገር ዋናው ይህ ነው፤ አንባቢም ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ቢረሳ ይህን ባይረሳ ደስ ይለናል።

በክርክሩ ጊዜ ኃላፊውን ደግፈው የነበሩት ጓደኞቻችን ግን አንድ ነገር እንድንጽፍላቸው ግድ ብለውናል። ሳይት ላይ አርማታው እንደ ሥዕሉ ላይወጣ ይችላል፤ አሸዋው ጭቃ ይበዛበታል፤ ውኃው ይበዛል፤ ፌሮው ቦታውን ይስታል። መሐንዲሱም ይህን ስለሚያውቅ ያወፍራል። ይህ እውነት ነው፤ አናቃልለውም። ሆኖም መፍራት ሌላ፣ ፍርሃትን መለካት ሌላ ነው። ሥጋቱ የሳይቱ ጥራት ከሆነ መድኃኒቱ ተቆጣጣሪ መላክና አርማታውን መፈተን ነው። መጥፎ አርማታ ስለተጨመረበት ጥሩ አርማታ አይሆንም።

ሌላው ደንቃራ የአማካሪው አከፋፈል ነው። በብዙ አገር የአማካሪ መሐንዲስ ክፍያ የሚታሰበው ከሕንፃው ወጪ በመቶኛ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ድርጅት ሁለት ሳምንት ደክሞ የሕንፃውን ወጪ በአንድ አሥረኛ ቢቀንስ የራሱን ደመወዝ በአንድ አሥረኛ ቀነሰ ማለት ነው። በዚህ ውል ላይ ተቀምጦ ስለ ዘላቂነት መስበክ ጾመኛን በሥጋ ቤት ዘብ እንደ ማቆም ይመስለናል፤ ባይበላም ይፈተናል። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ክፍያውን ቁርጥ ማድረግ፣ ወይም ከሚድነው ወጪ ለአማካሪው ድርሻ መስጠት ነው። ነገር ግን ይህን ማድረግ የሚችለው መሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን አሠሪውም ጭምር ነው፤ ትልቁ አሠሪ ደግሞ በየትም አገር መንግሥት ነው።

አሠሪ ሲነሣ ምን እንደሚሆን ለማየት እንደገና ወደ እንግሊዝ አገር እንመለስ። አንግሊያን ዋተር የሚባለው የውኃ ድርጅት ከ2010 ተነሥቶ እስከ 2015 በግንባታው ውስጥ የሚገባውን ካርቦን በግማሽ ለመቀነስ ግብ አወጣ፤ ደረሰበትም። ያስገረመው ደግሞ ወጪውም አብሮ መቀነሱ ነው። ምሥጢሩ ምንድን ነው ቢባል፣ አሠሪው ለአማካሪዎቹና ለሥራ ተቋራጮቹ ከዋጋ ጎን ካርቦን የሚባል ሁለተኛ ሚዛን መስጠቱ ነው። በ2013 የአገሩ የገንዘብ ሚኒስቴር ይህን የመሳሰሉትን ልምዶች አሰባስቦ ዘገባ አወጣ፤ በ2016ም ነገሩ ፓስ 2080 የሚባል የአሠራር ደረጃ ሆነ፤ በ2023 ተሻሽሏል። የዚህ ትምህርት ፍሬ በጥያቄዎች ቅደም ተከተል ላይ ነው። መጀመሪያ፣ ይህን መሥራት የግድ ነው ወይ? ተብሎ ይጠየቃል። ግድ ከሆነ ያለውን አድሶና አስፍቶ መገላገል አይቻልም ወይ? ይባላል። ከዚያ በኋላ ነው በምን ቁስና በምን ዘዴ እንሥራው? የሚለው የሚመጣው። ብዙ ድርጅት ግን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ሕንፃው ተወስኖ፣ ቅርጹም ተመርጦ ካለቀ በኋላ «አሁን ደግሞ ዘላቂ አድርጉት» የሚል ትእዛዝ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የቀረው ሥራ ቀለም መምረጥ ነው።

የሙያ ማኅበራትም ረድተዋል። የአሜሪካ የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር በ1996 ዘላቂ ልማትን በሥነ ምግባር ደንቡ ውስጥ አስገባ። በእንግሊዝ አገር የስትራክቸር መሐንዲሶች ተቋም ደግሞ በ2020 ካርቦንን እንዴት ማስላት እንደሚቻል የሚያስረዳ መመሪያ አወጣ። ደንቡ ልብን ይነካል፤ መመሪያው ግን እጅን ያሠራል። እኛ መመሪያውን እንመርጣለን።

ከድርጅቶችም አንዱን እንጥቀስ። ኦቭ አሩፕ በ1946 በለንደን የመሠረተው ድርጅት በ2021 መጨረሻ፣ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ በሚሠራቸው ሕንፃዎች ሁሉ ከመሠረት እስከ ፍርስራሽ ያለውን ካርቦን እንደሚያሰላ አስታወቀ። አሠሪው ጠየቀም አልጠየቀም ማለት ነው። ይህ አሩፕ የተባለው ሰው በ1970 ለባልደረቦቹ ባደረገው ንግግር የድርጅቱን ዓላማዎች ሲዘረዝር ለኅብረተሰብ መጥቀምን ከመካከላቸው አንዱ አድርጎ አስቀምጦ ነበር። እግረ መንገዳችንንም ለኢንጂኔሪንግ ወዳጆቻችን አንድ ነገር ሹክ እንበላቸው፤ አሩፕ በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ከመጀመሩ በፊት የተማረው ፍልስፍና ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። የውጭ አገር የዘላቂነት መጠይቅ እንዳለ ተገልብጦ ሲመጣ ብዙው ስለ ማሞቂያና ስለ ማቀዝቀዣ ነው የሚናገረው። ለንደን ይበርዳል፤ ዱባይ ይሞቃል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በመልክ የተሠራ ቤት ማሞቂያም ማቀዝቀዣም አይፈልግም። የአገሪቱም ኤሌክትሪክ ከአሥር እጅ ዘጠኙ የሚበልጠው የሚመጣው ከውኃ ነው፤ በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ይህንኑ አጠንክሮታል። ስለዚህ በእኛ ከተማ የአንድ ሕንፃ የካርቦን ዕዳ በአብዛኛው ያለው በኑሮው ዘመን በሚያበራው መብራት ላይ ሳይሆን፣ በሚሠራበት ጊዜ በሚበላው ሲሚንቶና ብረት ላይ ነው ብለን እንደመድማለን። በዚህ ላይ ፊቱን በሙሉ በመስተዋት ሸፍነን በቀትር ፀሐይ ካበሰልነው በኋላ ማቀዝቀዣ ስንገዛለት፣ ያልነበረብንን በሽታ ገዝተን መድኃኒቱን መሸመት ይሆናል።

ከሲሚንቶውም ወገን ተስፋ አለ። ጥንት ሮማውያን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር እየቀላቀሉ ይሠሩ ነበር። በስምጥ ሸለቆአችን ፑሚስ የሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በብዛት ይገኛል፤ ፋብሪካዎቻችንም ከክሊንከሩ ጋር እየፈጩ ፒፒሲ የተባለውን ሲሚንቶ ይሠሩበታል። በተጨመረው ልክ የሚቃጠለው ኖራ ይቀንሳል። ጉድለቱ ጥንካሬው ቀስ ብሎ መምጣቱ ነው፤ ስለዚህ የሚቸኩል ሥራ ተቋራጭ ኦፒሲ የሚባለውን ይመርጣል። ግን ለምርጊት፣ ለብሎኬት ማያያዣና ብዙ ሸክም ለሌለበት መሠረት ጠንካራውን ሲሚንቶ ማዘዝ ምን ይባላል? በሥዕሉ ማስታወሻ ላይ የትኛው ሲሚንቶ የት እንደሚገባ ለይቶ መጻፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በስዊዘርላንድ፣ በኩባና በህንድ ተመራማሪዎች ትብብር የተገኘ ኤልሲ3 የሚባል ሲሚንቶም አለ፤ የክሊንከሩን ግማሽ ያህል በተቃጠለ ሸክላ አፈርና ባልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ የሚተካ ነው። ጋዙን እስከ ከመቶ አርባ ድረስ ይቀንሳል ይባላል።

ከዚህም ራቅ ብሎ የሄደ ሙከራ በዚሁ ከተማ ተደርጓል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ በ2010 አካባቢ ከዙሪክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ከአፈር ተሠርቷል፤ ወለሉና ጣሪያው በስስ ጡብ እንደ ቅስት ተደርጎ የቆመ ነው። ሁሉም ሰው እንዲህ ያለ ቤት ይሥራ አንልም። በከተማው ሁሉ ሲባዛ ያላየነው ግን ለምን እንደ ሆነ ማሰብ ይገባል። አንድ መሐንዲስ ኃላፊነት ወስዶ የሚፈርመው መመሪያና ልምድ በያዘው ነገር ላይ ነው፤ ማሳያ ቤት ብቻውን ፊርማ አያስገኝም።

እንግዲህ አንድ መካከለኛ ድርጅት፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ነገ ጧት ሊያደርገው የሚችለው ምንድን ነው? እኛ በበኩላችን አንድ ነገር ብቻ ብንጠይቅ፣ በየሥዕሉ ግርጌ፣ ከመሐንዲሱ ስም ጎን አንዲት መስመር እንድትጨመር ነው፤ በካሬ ሜትር ስንት ኪሎ ሲሚንቶ፣ ስንት ኪሎ ብረት። ይህችም የምትሞላው መጨረሻ ላይ ሳይሆን፣ ሦስት አራት አማራጭ በእርሳስ ተሥሎ ገና ለውይይት ሲቀርብ ነው። ስሌቱ ማባዛት ብቻ ነው። የማነጻጸሪያ ቁጥር ከየት ይመጣል ለሚል፣ ድርጅቱ በመደርደሪያው ላይ ያለፉት ዓመታት ሥዕሎች ሁሉ አሉት። አንድ ልምምድ የመጣ ተማሪ በሁለት ወር ውስጥ ሃያ አሮጌ ሕንፃዎችን አውጥቶ ቢቆጥር ድርጅቱ በምድር ላይ ማንም የሌለው የራሱ ሠንጠረዥ ይኖረዋል። ከዚያ በኋላ አዲሱ ሕንፃ ከአሮጌዎቹ በላይ ከከበደ ሠሪው ምክንያቱን ይናገራል። ምክንያት ይኖረው ይሆናል፤ ብቻ ይናገረው።

«ድሀ አገር ስለ ካርቦን ምን አገባት? የበለጸጉት ናቸው ያቃጠሉት» የሚል ተቃውሞ በክርክራችን ላይ ተነሥቶ ነበር፤ ያነሣውም ሰው ከሁላችን በላይ ያነበበ ነው። እውነቱን ነው፤ ዕዳው የእነሱ ነው። ነገር ግን 630 ከረጢት ሲሚንቶ ያለ ሥራ ወለል ውስጥ ሲቀበር የሚከፍለው የለንደን ሰው አይደለም። ያንኑ ሲሚንቶ የሚጠብቅ ትምህርት ቤት በሌላ ወረዳ አለ። ካርቦን የሚለውን ቃል የማይወድ ሰው ኩንታል ብሎ ቢቆጥር መልሱ ያው ነው።

ጓደኛችን በሚቀጥለው ሳምንት የሶሌታውን ስሌት በአንድ ወረቀት አጽድቶ ለኃላፊው ወሰደላቸው። አልሣቁም። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና፣ «መሸከሙንስ ይሸከማል፤ መርገቡን አሰላኸው? ከአምስት ዓመት በኋላ መሐሉ ሰርጎ የታችኛው ግድግዳ ቢሰነጠቅ ስልኩ የሚደወለው ለእኔ ነው» አሉት። አላሰላውም ነበር። አሁን ማታ ማታ እኛ ስንተኛ እሱ መብራቱን አብርቶ እያሰላ ነው። 17 አልሆነለትም፤ 18 ሳይሆን አይቀርም ይላል።